ውሻዬ ያስነጠሰው ቃል

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ ፀጉር ቤቴ የገባችው ክሌርቪ ብቻ ናት፣ ያውም ዓሣዋን ሸጣ ስትጨርስ። ወንድሟን፣ የኔን ባል፣ ከቀበርን ስድስት ዓመት ሆነን። እሷ ግን ዛሬም ቀለም ስቀባት "ወንድሜ ቢኖር ይሄንን አይወደውም ነበር" ትለኛለች። ባሌ እንኳን የእሷን፣ የኔንም ፀጉር አይቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ… ራሰ በራ ሰውዬ! ባርኔጣውን ሲያወልቅ አምፖሌ አናቱ ላይ ሁለተኛ ሆኖ በራ። ኤቫሪስት እባላለሁ አለ። አንዤ ከተማ ላቲን ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቤት እስከ ሜይ መጨረሻ ተከራይቶታል።

"ፀጉሬን መስተካከል ፈልጌ ነበር።"

"የቱን?" ልል ነበር። ዋጥኩት። አስቀመጥኩት። ከጆሮዎቹ በላይ ትንሽ ትንሽ አለችው። እሷኑ በጥንቃቄ… እንዳታልቅብኝ።

"በእናንተ በአገሬው ቋንቋ፣ በብሬቶንኛ፣ ጣት ምን ይባላል?" አለኝ ድንገት።

"ቢዝ።"

"ቀለበትስ?"

"ቢዙ።"

ዘሎ ተነሣ! ጆሮው ለጥቂት ተረፈች። "ፈረንሳይኛው ጌጥን ቢዡ የሚለው እኮ ከእናንተ ወስዶ ነው! ከጣታችሁ!"

ማታ ጣቴን አየሁት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱን ነግሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ተመልሶ መጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ምን ይበቅላል? ደብተር ይዟል። አስቀመጥኩት፣ ፎጣ አለበስኩት፣ አየሩን ቆረጥኩለት።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

አሁንም መጣ። ዛሬ ከክሌርቪ ጋር ተጣሉ። እሷ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ነበረች፣ ስለዚህ የምትናገረው በጩኸት ነው።

"ዓሣ ምን ይባላል?" አላት።

"ፔስክ!"

"እሱ እንኳን ከላቲን የመጣ ነው። ወይን የምትሉበትም፣ መጽሐፍ የምትሉበትም፣ ትምህርት ቤቱም።"

ክሌርቪ ካስኩን ከራሷ ላይ አነሣችው። ፀጉሯ የተጠቀለለባቸው ቢጎዲኖች እንደ መድፍ ተደግነውበታል። "እና ሮማውያን እስኪመጡ ድረስ አያቶቼ የሚያጠምዱትን ስም አያውቁትም ነበር? 'ያቺን የምታዳልጠውን ነገር አቀብለኝ' ይባባሉ ነበር?"

"አይ… የራሳቸው ቃል ሳይኖራቸው አይቀርም። ጠፍቶ ነው።"

"የት ጠፋ? ይፈልጉት እንጂ! አስተማሪ አይደሉም?"

ሳቄ መጣ። እሱም ደነገጠና ሊክሳት ፈለገ። በግ፣ መንገድ፣ የወፍ ምንቃር ሳይቀር ፈረንሳይኛው ከጥንት የጎል ሰዎች፣ ከእናንተ የሥጋ ዘመዶች የወረሳቸው ቃላት አሉት አላት። ክሌርቪ ቀዝቀዝ አለች። "በጉን ወሰዱብን ይበሉኛ" ብላ ካስኳን ደፋች።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ሰማያዊ ምን ይባላል አለ። ግላስ አልኩት። ሣሩስ? ግላስ። ባሕሩስ? ያው ግላስ።

"ታዲያ ሣሩን ከባሕሩ በምን ትለዩታላችሁ?"

"ላሞቻችን ባሕር ሲግጡ አይተው ያውቃሉ?"

ጻፈው። የምሬን መሆኔን ሲጠይቀኝ አፈርኩ።

ሽቶ ተቀባሁ ዛሬ። ለምን ተቀባሁ? ማክሰኞና ሐሙስ ሁልጊዜም እቀባለሁ እንዴ? … አልቀባም።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

ዛሬ ስለ መንደራችን ስም። ክሌርቪ ነች የጀመረችው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ፓሪስ ሠራተኛ ልትሆን ሄዳ፣ ከባቡር እንደወረደች አንዱ ሻንጣ ተሸካሚ "ፕሉክ!" ብሎ ሰደባት። ባላገር ማለቱ ነው። አርባ ዓመት አለፈው፣ እሷ ግን ትናንት የተሰደበች ነው የሚመስላት።

"ስድቡ የመጣው ፕሉ ከሚለው ነው" አለ ኤቫሪስት። "የመንደሮቻችሁ ስም በፕሉ ስለሚጀምር። የእናንተው ፕሉካረንም እንደዚያው። ፕሉ ማለት ደግሞ ምእመን፣ ደብር። እሱ ራሱ ግን ከላቲን ነው። በላቲኑ ሕዝብ ማለት ነው።"

ክሌርቪ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። "ማለት… ያ ሰውዬ በራሱ ቋንቋ አያት 'አንቺ ሕዝብ!' ብሎ ነው የሰደበኝ?"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"አይ የኔ ጌታ! አርባ ዓመት በከንቱ ተቃጠልኩ!" ተነሥታ ራሰ በራውን ሳመችው። አናቱ ላይ! እኔ አስተካክዬ፣ እኔ ጠርጌ፣ እኔ ዱቄት ነስንሼበት…

ምን አገባኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 19

ወይኔ እኔ አዜኖር!

እንደሁልጊዜው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጠየቀ። የማረሻ ክፍሎችን ነግሬዋለሁ። የዝናብ ዓይነቶችን ጨርሻለሁ። የላም በሽታ፣ የጀልባ ገመድ፣ እናቴ ስትቆጣ የምትጠራንን ሁሉ… ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

"እንግዲህ የጨረስን ይመስለኛል። ሌላም መንደር አለ። ምናልባት በዚህ ወር መጨረሻ እሄዳለሁ።"

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ቃል ከሌለ ሰውዬው ምን ብሎ ይመጣል? ፀጉር እንዳንል…

በዚያች ሰዓት ውሻዬ ሚኒስትር የፀጉር ስፕሬዩ ሸትቶት አስነጠሰ። ቱፍሎኽ!

"አንድ ቀርቶኛል!" አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ የለሁበትም። "ቱፍሎኽ!"

"ቱፍ…ሎኽ? ሰምቼው አላውቅም! ትርጉሙ?"

ክሌርቪን በመስተዋቱ አየኋት። ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሷኑ እያየሁ፦

"በማይሳቅበት ቦታ የሚመጣ ሳቅ። ቀብር ላይ… ቅዳሴ ላይ። እምቢ የሚል ሳቅ።"

ጻፈው፣ ሁለት ጊዜም አሰመረበት። ከዚያ "አልሄድም" አለ። "ይሄ ሌላ ነገር ነው። አልሄድም።"

ውሻው ብቻ ነው ያልሳቀው።

ዓርብ፣ ማርች 20

ምን አድርጌ ነው?

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ትልቅ ወረቀት ይዞ መጣ። ዛፍ ሥሎበታል። ከታች ላቲን፣ ከዚያ ጎል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ፖርቱጋል፣ አንዱ ዌልስ፣ አንዱ ሮማኒያ ደርሷል። ጫፉ ላይ ቱፍሎኽ እንደ ቼሪ ተንጠልጥላለች።

"ሦስት ቀን አልተኛሁም" አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ደስ ብሎታል… እንደዚህ ደስ ያለው ሰው በቅርብ አይቼ አላውቅም።

የሚኒስትር ንፍጥ ሮማኒያ ደረሰ። ለሚኒስትር አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ማርች 29

ክሌርቪ ምላሷ ይቆረጥ! ዓርብ ገበያ ላይ ለዓሣ ገዢው ሁሉ ቃሉን ከዓሣው ጋር ጠቅልላ ሸጠችው። ማንም አልጠየቃትም። "አያቶቻችን የሚሉት እኮ ነው" ስትላቸው "አዎ አዎ" ብለዋታል። አላውቅም ማለት ማን ይወዳል?

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ደግሞ አባ ስብከቱን አቋርጠው ወደ ኋላ ወንበር አዩ። "እዚያ የተቀመጣችሁ፣ ቱፍሎኻችሁን ውጭ ጨርሳችሁ ግቡ!"

ክሌርቪ ወንበር ሥር ገባች። እኔ መሐረቤን ነከስኩ። ቃሉ ይሠራል… እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በደንብ ይሠራል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2

ልነግረው ቆርጬ ነበር። ግን ዛሬ ማጅራቴን በምላጭ ይላጩልኝ አለ። ምላጭ ማጅራቱ ላይ አድርጌ "ዋሽቼዎታለሁ" ልበለው? ቢዘል? ለሁለታችንም ደግ አይደለም።

ማክሰኞ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7

አልነገርኩትም። የቅቤ ኬክ ይዞልኝ መጣ፣ ራሱ የጋገረው። ከታች አርሯል፣ ከላይ አልበሰለም፣ መሐሉ ላይ ግን ቅቤው ጥሩ ነበር።

እየበላን እንዲህ አለኝ፦ "አዜኖር፣ አርባ ዓመት አስተማርኩ። ልጆቹ ሁሉ እኔ የማውቀውን ሊሰሙ ነው የተቀመጡት፣ ያውም በግድ። እኔ የማላውቀውን ቃል የነገረኝ ሰው እርስዎ ነዎት።"

ከዚያ ደግሞ… ከከተማ የቃላት ተመራማሪዎች ይመጣሉ! ጽፎላቸዋል! ቅዳሜ 18 በመንደሩ አዳራሽ ስለ ቱፍሎኽ ንግግር ያደርጋል። ኬኩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"አነቀዎት?"

"ቅቤው ነው" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት ከከተማ የመጡት አምስት ሰዎች፣ አራት መነጽርና አንድ ጺም። ኤቫሪስት ክራቫት አስሯል። ዛፉን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ትልቅ ሆኗል፣ ጣልያን ጨምሮበታል።

ጀመረ። ስለ ቢዡና ስለ ጣቴ ተናገረ፣ ስሜን ጠርቶ። ስለ ፕሉም ሲናገር ክሌርቪ ብቻዋን ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ "አሁን ደግሞ ለብዙ ዘመን ተደብቆ የኖረ ቃል…" አለ። ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ። ብድግ አልኩ።

"ቃሉ የጥንት አይደለም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ውሻዬ አስነጠሰ፣ እኔ ቃል ነው አልኩ።"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ከዚያ ከኋላ ከዘራ ወለል መታ። አባባ ጎልቨን። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከሳቸው በላይ ብሬቶንኛ የሚያውቅ የለም።

"ተቀመጪ አንቺ ልጅ! ምን ትቀባጥሪያለሽ? አያቴ ትለው ነበር!"

"አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ የፈጠር—"

"አንቺ ሳትወለጂ! ጦርነቱ ሳይጀመር! የአጎቴ ቀብር ላይ ቱፍሎኽ ይዞኝ በጥፊ መታችኝ። ይቺን ጉንጬን!" ጉንጫቸውን አሳዩ።

"የኔም እናት ትለው ነበር" አለ ጋጋሪው። "እኛ ሠፈርማ ቱፍሊኽ ነው የሚባለው፣ በ'ሊ'" አለች ሌላዋ። ተጨቃጨቁ! በ"ሎ" ነው በ"ሊ" ነው ብለው ሊደባደቡ! እኔ ቆሜአለሁ፣ የሚያየኝ የለም።

ጺማሙ ሰውዬ በርኅራኄ አየኝና ለጎረቤቱ እንዲህ አለው፣ ሰማሁት፦ "የተለመደ ነው። የገዛ ቋንቋቸው ያሳፍራቸውና ይክዳሉ።" ጻፈ። መካዴንም ጻፈ!

አንድ ሰው ብቻ አመነኝ። ኤቫሪስት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ሐሙስ ነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ። "እሄዳለሁ ያልኩ ዕለት?"

"አዎ።"

"እናንተ ያን ሁሉ ቀን… ስትስቁብኝ ነበር?"

አይደለም ልል ነበር። ግን ሳቅ ነበር እኮ። ፎጣም ተነክሷል። መልሱ ረጅም ነው፣ ሰዉ ይጮሃል፣ እሱ ደግሞ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ዛፉን እንኳን ሳያወርድ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

የኤቫሪስት ቤት መስኮት ተዘግቷል። ጠዋት በአውቶቡስ ሄደ አሉ። ወደ አንዤ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ሰው የለም። ወንበሩን ጠረግኩት። ለምን እንደጠረግኩት አላውቅም፣ ፀጉር የለበትም። ድሮም አልነበረበትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ክሌርቪ ማኬሬል ዓሣ ይዛ መጣች። ሳትቀልድ ተቀመጠች፣ ያ ራሱ ያስፈራል።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ገበያ ባላወጣው…"

"እኔ ነኝ።"

"ውሻው ነው" አለች። ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ "ለምን እንደዋሸሽው ነገርሽው?"

"ውሻው አስነጥሶ ነው አልኩት።"

"እሱ እኮ እንዴት ነው። ለምን ነው ያልኩሽ!"

ስትሄድ ወረቀት አወጣሁ። አራት ጊዜ ቀደድኩ። የላክሁት ይሄን ነው፣ ለራሴ ልገልብጠው፦

"የተከበሩ ኤቫሪስት። ቱፍሎኽ የተወለደው ማርች 19፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፕሉካረን፣ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። አባቱ ሚኒስትር የሚባል ውሻ። እናቱ እኔ። የፈጠርኩት ልስቅብዎ አይደለም። ቃል አልቆብኝ ነበር፣ ቃል ካለቀ ደግሞ እርስዎ አይመጡም። ፀጉርዎን ምክንያት ማድረግ እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን። አዜኖር።"

የፖስታ ቤቷ ልጅ ማኅተም ስትመታ ልነጥቃት ዳዳኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 30

የለም።

ሰኞ፣ ሜይ 4

መልስ የለም። አንብቦ ቀዶታል። ወይም ሰዋስው እያረመ ነው። አስተማሪ አይደል?

ሐሙስ፣ ሜይ 7

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ባርኔጣውን አወለቀ። አምፖሌ በራ።

"ፀጉሬ አድጓል" አለ።

አየሁት። ከግራ ጆሮው በላይ ሦስት ዘለላ። "ልክ ነዎት፤ በጣም አድጓል። ይቀመጡ።"

ፎጣ አለበስኩት። ክሌርቪ ሳትጠራ ገብታ ካስክ ሥር ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ደረቅ ነው፣ ካስኩም ጠፍቷል። ትሰማለች ማለት ነው። ትስማ።

"ተናድጄ ነበር" አለ ለመስተዋቱ። "ደብዳቤዎ እስኪመጣ። ከዚያ… አርባ ዓመት ቃላት ሳሳድድ ምን እንደማላውቅ ያውቃሉ? መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ። ቀለበትን ቢዙ ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ለማን ሊያጠልቅ ነበር? ሁሉም የተወለደው ማንም ባላየበት ነው። አንዱን ብቻ ነው ቀኑን የማውቀው፣ ሰዓቱን የማውቀው፣ ለምን እንደተፈጠረም…"

"ለምን" ላይ ቆመና ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዞረው።

"ለተመራማሪዎቹ እውነቱን ጻፍኩላቸው። ምን ብለው መለሱ? የመንደር ፀጉር ሠሪ ስለ ቃሉ ዕድሜ ምስክር ልትሆን አትችልም! በመጽሔታቸው ያወጡታል፤ በጣም ጥንታዊ ብለው። አባባ ጎልቨንም ምስክር ናቸው፣ ከነጉንጫቸው።"

"ውይ! ማንም አያምንም ማለት ነው?"

"ማንም። እውነቱን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

አንቺ አለኝ። ሁለታችንም ሰማነው። ክሌርቪም ሰማች፣ ምክንያቱም ከካስኩ ሥር "እኔስ? እኔም እኮ ነበርኩ!" የሚል ድምፅ መጣ።

መቀሱን አነሣሁ። "ቀና በል" አልኩት። "ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እንዳልቆርጥህ።"

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዛ። እኔ እጋግራለሁ አልኩት፣ አንተ አንብብልኝ። ጣልያንኛ እንጀምራለን አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጁን 20

ዛሬ ሠርግ ስላለ ፀጉር ቤቱ ከንጋት ጀምሮ ሙሉ። ተረኞቹ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ኤቫሪስት ወለል ይጠርጋል፣ ቢጎዲን ያቀብላል፣ ትልቁን ለትንሹ፣ ትንሹን ለትልቁ። የተከራየውን ቤት በሜይ መጨረሻ ለቋል። አንዤ ግን አልሄደም። መጻሕፍቱ ሳሎኔን ሞልተውት እኔና ሚኒስትር በጎን ነው የምናልፈው።

የሙሽራው አክስት ከሌላ መንደር የመጣች ናት። ካስክ አደረግኩላት። አፍጥጣ ታየዋለች፣ መጥረጊያውን፣ አናቱን።

"ያ ሰውዬ ምንሽ ነው?" አለችኝ።

ምኔ ነው? … ባሌ ልበል? አልተጋባንም። ደንበኛዬ? ሦስት ዘለላ ይዞ? ጓደኛዬ ቀለለኝ፣ ሌላው ከበደኝ። በብሬቶንኛ ፈለግኩ፣ በፈረንሳይኛ ፈለግኩ። ክሌርቪ ከጎን ወንበር አፏን ልትከፍት ስትል መቀሱን ቀሰርኩባት። ይሄኛውን ማንም አይፈጥርልኝም።

"የኔ ነው" አልኩ።

"ምን አልሽ?" ካስኩ ይጮሃል።

"የኔ ነው!"

"አልሰማሁሽም!"

"የኔ ነው!!!"

ካስኩ ሰዓቱ ሞልቶ ድርግም ያለው እዚያች ላይ ነው። ጩኸቴ ብቻውን ቀረ። መንገድ ላይ የነበሩት አባ ሳይቀሩ ዞረው አዩ። አንድ ቢጎዲን ወለሉ ላይ ሲንከባለል ይሰማል። ኤቫሪስት ሊያነሣው ጎንበስ አለ። አናቱ እስከ ማጅራቱ ቀልቷል። ሲያጎነብስ ቶሎ ቀና አላለም፣ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል።

"ምን አፈጠጣችሁ?" አልኩ። "ቀጣይዋ ማን ናት?"